ኮሰረት፣ በረኪናና አንድ እልኸኛ ባክቴሪያ

ይፋግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከጣና በስተምሥራቅ ያለች የሊቦ ከምከም ወረዳ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከበጌምድር ትልልቅ ገበያዎች አንዱ የሚቆመው እዚህ ነበር፤ ሰው አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ይዞ ይገበያይበታል። ዛሬም በገበያ ቀን ጥርሱን የታመመ ሰው መጀመሪያ ጎራ የሚለው ቅመም ሻጯ ዘንድ ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ይገዛል፤ በታመመው ጥርስ ነክሶ ያመሻል፤ ሕመሙ ጋብ ይልለትና ይተኛል። ሰነባብቶ ጉንጩ ሲያብጥ ወደ አዲስ ዘመን ወይም ወደ ደብረ ታቦር ይሳፈራል። እዚያ የሚጠብቀው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ይነቀል።

ቅርንፉዱ ከንቱ አልነበረም። ውስጡ ያለው ዩጂኖል የሚባል ዘይት ሕመም ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር እየለወሱ የጥርስ ሥር ሲደፍኑበት ኖረዋል። ዚንክ ኦክሳይድ የሚለውን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ጥርሱ ሳይነቀል የሚድንበት መንገድም አለ፤ ሩት ካናል ይሉታል። በጥርሱ መሐል ያለውን፣ በተለምዶ ነርቭ የምንለውን ለስላሳ ሥጋ ከነሥሩ ጠርጎ ማውጣት፣ ባዶ የቀረውን ቦይ ማጠብ፣ ከዚያ አጥብቆ መድፈን ነው። ይሁንና በጥሩ እጅ የተሠራው እንኳ አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ እንደገና ያመረቅዛል። ለምን? የጥርስ ተመራማሪዎችን ትውልድ በትውልድ ያደከመው ይህ ጥያቄ ነው። ከመልሱ አንዱ ቁራጭ ደግሞ፣ ማንም ባልጠበቀው መንገድ፣ አዳማ ላይ ብቅ ብሏል።

በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ታተመ። የኬሚስትሪ ሰዎች የኮሰረት ቅጠል ይዘው ቤተ ሙከራ ገቡ። ቅቤ አንጥሮ የሚያውቅ ሁሉ ኮሰረትን ያውቃል፤ ነጥሮ የተቀመጠ ቅቤ ሽታው የሚያምረው በእሱ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን የፈለጉት ሽታውን ሳይሆን በቅጠሉ ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ነበር። የቅጠሉን ጭማቂ ከዚንክ ጨው ጋር ሲያዋህዱት እነዚያ ኬሚካሎች ዚንኩን ይይዙታል፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይተልቁ ያግዳሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ዱቄት ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ ያው ሐኪሞች በቅርንፉድ ዘይት የሚለውሱት። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የእያንዳንዱ ቅንጣት ስፋት የሚለካው በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከአንድ መቶ ናኖሜትር በታች የሆነውን ናኖ ቅንጣት እንለዋለን። አንድ ባክቴሪያ ራሱ አምስት መቶም ሺህም ናኖሜትር ሊሰፋ ይችላል።

ከዚያ ዱቄቱን በባክቴሪያ ላይ ፈተኑት። ፈተናው በየቤተ ሙከራው የተለመደ ነው፦ ባክቴሪያው በሳህን ላይ በተዘረጋ ምግብ ላይ ይዘራል፣ መድኃኒት የነካት ትንሽ ክብ ወረቀት ትቀመጥበታለች፣ በማግሥቱ በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይለካል። ለፈተናው ከተመረጡት ባክቴሪያዎች አንዱ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ ይባላል። በተፈጥሮው የሰው አንጀት ነዋሪ ነው። የአዳማው ጥናት ስለ ጥርስ አላወራም፤ ፌካሊስም የተመረጠው በሆስፒታል ከሚያስቸግሩት ባክቴሪያዎች ጎራ ስለሆነ ይመስለኛል። የጥርስ ሥር የሚያክም ሐኪም ግን ይህን ስም ሲያይ ዐይኑ ይቀራል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል።

በጥርስ ላይ ሕይወት ያለው ነገር እንዳለ መጀመሪያ ያየው የደልፍቱ ጨርቅ ነጋዴ ሌቨንሁክ ነው፤ በ1683 ከጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር በራሱ ማጉያ አይቶ «ትናንሽ እንስሳት» እንደሚንቀሳቀሱበት ለለንደን ጻፈ። ሁለት መቶ ዓመት አለፈ። በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሚለር በ1890 ስለ አፍ ጀርሞች መጽሐፍ አወጣ፤ በ1894 ደግሞ በሞተ የጥርስ ነርቭ ውስጥ ባክቴሪያ እንዳለ አሳየ። መኖሩ ታወቀ እንጂ ጥፋተኛነቱ አልተረጋገጠም። ነርቩን የገደለው ባክቴሪያው ነው? ወይስ ነርቩ በሌላ ምክንያት ከሞተ በኋላ ባክቴሪያው ሬሳውን ሊበላ የመጣ ነው? ክርክሩ ሰባ ዓመት ቆየ።

የቆረጠለት በ1965 አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ነው፤ ሲያስቡት ቀላል፣ ሲሠሩት ግን እጅግ አድካሚ። ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጀራልድ ሁለት ዓይነት አይጦች ያዙ። አንዶቹ እንደ ማንኛውም አይጥ ያደጉ ናቸው። ሌሎቹ ከተወለዱ ጀምሮ አንድም ጀርም እንዳይነካቸው አየሩም ምግቡም በተጣራ ዝግ ቤት ያደጉ ናቸው። የሁሉንም መንጋጋ እስከ ነርቩ በስተው እንዲሁ ክፍቱን ተዉት። በተራዎቹ አይጦች ነርቩ ሞተ፣ ሥሩ ላይ መግል ቋጠረ። ጀርም የማያውቁት አይጦች ግን ቀዳዳቸው ውስጥ ምግብና ቆሻሻ ተጠቅጥቆበት እንኳ ነርቩ ቁስሉን ችሎ በሳምንታት ውስጥ አዲስ ዴንቲን፣ ማለትም የጥርሱን ዋና አካል፣ ሠርቶ ራሱን ሸፈነ። መብሳቱ፣ ምግቡ፣ ቆሻሻው ነጻ ወጡ። ጥፋተኛው ባክቴሪያው ነበር።

ከ11 ዓመት በኋላ ስዊድን ኡሜዮ ውስጥ ሱንድክቪስት የሚባል ተመራማሪ ይህንኑ በሰው ላይ አየ። ተመትተው ነርቫቸው የሞተ፣ ከላይ ሲታዩ ግን ያልተበሱ ያልተሰነጠቁ 32 ጥርሶችን መረመረ። ባክቴሪያ የተገኘው በሥራቸው ዙሪያ ያለው አጥንት በተጎዳው ጥርሶች ውስጥ ብቻ ነበር። የተገኙትም በአብዛኛው አየር የማይወዱ ዓይነቶች ናቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ፌካሊስ ገና አልመጣም።

ጥፋተኛው ታወቀ፤ እንግዲህ ማስወገድ ነው የቀረው። ቀላል መሰለ። ኡሜዮ ላይ ቢስትረምና ሱንድክቪስት በ1981 ቦዩን በመሣሪያ እየሞረዱ በጨው ውሃ ብቻ አጠቡት፤ የባክቴሪያው ብዛት ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ቀነሰ፤ ከብዙ ጥርሶች ግን አልጠፋም። በ1983 በጨው ውሃው ፈንታ በረኪና አደረጉ። አዎ፣ በረኪና፦ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ነጠላ የምናነጣበት ያው ነገር፤ በእነሱ እጅ ሲቀጥን ከመቶ ግማሽ እጅ። ይህ ውህድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮችን ቁስል ሲያጠብ ስሙን ያተረፈ ነው። በረኪናው ከጨው ውሃ በጣም በለጠ። ያም ሆኖ አንዳንዱ ጥርስ ውስጥ ባክቴሪያው ተርፎ ተገኘ።

የት ተደብቆ?

ጥርስ ከላይ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል። ዴንቲን የሚባለው ዋናው አካሉ ግን ከመሐል ወደ ውጭ በሚሄዱ ቀጫጭን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። ለነርቩ በሚቀርበው በኩል በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ውስጥ ብቻ ቀዳዳዎቹ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ስፋታቸው ከአንድ እስከ ሁለት ተኩል ማይክሮሜትር (አንዱ ማይክሮሜትር ሺህ ናኖሜትር ነው)። ባክቴሪያ ዘና ብሎ ይገባበታል፤ የሐኪሙ መሣሪያ ግን አይገባም። በዚያ ላይ ቦዩ ራሱ ክብና ቀጥ ያለ አይደለም፤ ይጣመማል፣ ይጠባል፣ ጎንና ጎን ቅርንጫፍ ያወጣል። በ2001 የተደረገ የራጅ ጥናት ዘመናዊ መሣሪያ እንኳ ከቦዩ ግድግዳ ከመቶ 35 እጁንና ከዚያ በላይ ሳይነካ እንደሚያልፍ አሳየ። ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ወለሉ ተጠርጎ ምሰሶው ውስጥ ምስጥ የቀረበት ቤት ነው።

ይህን በዓይን ያሳዩት በኦስሎ ሃፓሳሎና ኧርስታቪክ ናቸው። በ1987 ያወጡት ሥራ ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት ነው፤ ያውም የታረደ ከብት ጥርስ ይዘው የሠሩት። የበሬን የፊት ጥርስ ሥር ቀለበት ቀለበት አድርገው ቆረጡ፣ የውጭ ሽፋኑን አነሡ፣ የቀዳዳዎቹን አፍ የዘጋውን ብናኝ አጠቡ፣ ከዚያ ባክቴሪያ በሚራባበት ፈሳሽ ውስጥ ነከሩት። የመረጡት ባክቴሪያ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ300 እስከ 400 ማይክሮሜትር ድረስ ዘልቆ ገባ፤ አልፎ አልፎም ከዚያ ርቋል። አሁን ቀለበቶቹን ሐኪሞች ከቀጠሮ ቀጠሮ ቦዩ ውስጥ የሚተዉትን መድኃኒት ቀቧቸው፤ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በተራ ስሙ የታሸ ኖራ። ብዙ ባክቴሪያ የሚገድለው ኖራ ፌካሊስን ከጥልቁ ቀርቶ ከላይ ከላዩ እንኳ ማጥፋት አቃተው።

ይህ የሆነው በበሬ ጥርስ ነው። በሰው አፍ ውስጥስ? በ1998 ሱንድክቪስትና ባልደረቦቹ ሩት ካናል ተሠርቶላቸው ያልዳኑ 54 ጥርሶችን እንደገና ከፈቱ። ባክቴሪያ ከበቀለላቸው ውስጥ ከመቶ 38ቱ ፌካሊስ ነበራቸው። ሕክምና ባልነካው ጥርስ ውስጥ እምብዛም የማይታየው ባክቴሪያ በከሸፈ ሕክምና ውስጥ ገኖ ተገኘ። ሌሎቹን የገደለው ጠረጋና እጥበት ለእሱ መሬት አጽድቶለት ነበር። በ2002 ደግሞ ኖራውን እንዴት እንደሚቋቋም ተገለጠ፦ ኖራ የሚገድለው በአልካላይነቱ ነው፤ ፌካሊስ ግን በሽፋኑ ላይ ፕሮቶን ወደ ውስጥ የሚስብ ፓምፕ አለው፤ ውጭው ሲቃጠል የውስጡን ሚዛን ይጠብቃል። ፓምፑን በኬሚካል ሲያግዱበት ይሞታል። በርግጥ አልካላይነቱ በጣም ከጨመረ እሱም አይተርፍም፤ ችግሩ ዴንቲኑ ራሱ የኖራውን ጉልበት ያበርደዋል፤ ቀዳዳው ውስጥ የሚደርሰው የደከመ ኖራ ነው። በረኪናውም ቢሆን ከ77 እስከ 300 ማይክሮሜትር ድረስ ብቻ ወደ ዴንቲን እንደሚሰርግ በ2010 ተለክቷል።

እንግዲህ መርዝ አልጠፋም። የጠፋው መርዙ የሚደርስበት መንገድ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ «ምን ይገድለዋል?» ሲል ቆይቶ፣ አሁን «ምን ይደርስበታል? ደርሶስ ምን ይቆያል?» ወደሚለው የዞረ ይመስለኛል። ለናኖ ቅንጣት በር የከፈተለት ይህ መዞር ነው።

በ2008 ሲንጋፖር ውስጥ አኒል ኪሸን የሚመራው ቡድን ሁለት ዓይነት ቅንጣት አዘጋጀ። አንዱ ካይቶሳን ነው፤ ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት የሚወጣ። ሌላው ዚንክ ኦክሳይድ ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የባክቴሪያ ገላ ነጌቲቭ ኤሌክትሪካዊ ሙል አለው፤ ቅንጣቶቹ ፖዘቲቭ ናቸው። ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ሽፋኑን ይቀዳሉ፣ የውስጡ ይፈሳል። አንድ ኪሎ ድንጋይና አንድ ኪሎ ዱቄት ክብደታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ዱቄቱ ብዙ ገጽ አለው፤ ናኖ ሲሆን ገጹ ይበልጥ ይበዛል፣ ባክቴሪያውን የሚነካበትም ቦታ እንዲሁ። ቡድኑ ሌላም ነገር አየ። በቅንጣቶቹ የተቀባ ዴንቲን ላይ ፌካሊስ እንደ ወትሮው መጣበቅ አልቻለም። ለእኔ ከመግደሉ ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ያስደስታል፤ የደፈኑት ጥርስ ተመልሶ እንዳይያዝ ግድግዳው ራሱ ይከላከላል ማለት ነውና።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ2010 አኒ ሽሬስታና ኪሸን ያሉበት ቡድን ፈተናውን አከበደው። ፈሳሽ ውስጥ የሚዋኘው ፌካሊስ ሙሉ በሙሉ ሞተ። ባዮፊልም ሠርቶ የተቀመጠው፣ ማለትም ራሱ ባመነጨው ሙጫ ተሸፍኖ ተደራርቦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ ከ72 ሰዓት በኋላም በሕይወት የቀረ ነበረው። ቅንጣቶቹ 90 ቀን ከቆዩም በኋላ ኃይላቸው አለመጥፋቱ ግን መልካም ዜና ነበር። ሌላ ፈተና ደግሞ ቦዩ ውስጥ የሚቀረው የነርቭ ቁራጭና የደም ፕሮቲን የካይቶሳንን ኃይል እንደሚያዳክሙ አሳየ፤ ቅንጣቱ ፕሮቲኑ ላይ ተጣብቆ ባክቴሪያው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። እንዴት ይድረስ? ሽሬስታና ኪሸን ቀደም ብለው በ2009 ከፍተኛ ኃይል ያለው አልትራሳውንድ ተጠቅመው ቅንጣቶቹን ወደ ዴንቲኑ ቀዳዳ ገፍተዋቸው ነበር። ትንሽነት ብቻውን አያስገባም፤ የሚገፋ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የመጣው ብር ነው። ጀርም መግደሉ ከጥንት የታወቀ ነው። በ2014 ከቻይናና ከካናዳ የተውጣጡ ተመራማሪዎች (ኪሸንም አሉበት) የብር ናኖ ቅንጣትን በሁለት መንገድ ሞከሩ። አንደኛው በውሃ በጥብጦ ቦዩን በመርፌ ለሁለት ደቂቃ ማጠብ። ሁለተኛው ቅንጣቱን በጄል ለውሶ ለሰባት ቀን ቦዩ ውስጥ መተው። ሁለቱም የተሞከሩት ዴንቲን ላይ በተለጠፈ የፌካሊስ ባዮፊልም ላይ ነው። እጥበቱ ከሸፈ፤ ባዮፊልሙ ሳይፈርስ ቀረ። በጄሉ ያለው ብር ከመቶ 0.02 እጅ ብቻ ነበር፤ ከእጥበቱ በአምስት እጅ ያነሰ። ግን ባዮፊልሙን አፈራረሰው፣ ከኖራውም በለጠ።

ያው ብር፣ ያው ባክቴሪያ። ልዩነቱ ጊዜ ነው። የበረኪና ጠባይ ፈጥኖ መብላት ነው፤ የነርቩን ትርፍራፊ ሥጋ ሳይቀር ያሟሟል፤ ናኖ ቅንጣት ይህን አይችልም። ስለዚህ በረኪናን ይተካል ተብሎ የተጠበቀው ነገር ሥራው ሌላ ሆኖ ተገኘ፦ በረኪናው ካጠበ በኋላ ገብቶ የሚቆይ ዘበኛ። የሥር ሕክምና ዋና ማጠቢያ ዛሬም በረኪና ነው። በዚህ መስክ የወጡትን የጋዜጣ ርእሶች ብቻ ላነበበ ሰው ይህ ላያስደስት ይችላል። ብሩም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጥርስ ሊያጠቁር ይችላል፣ መጠኑ ሲበዛም ጤነኛ ሕዋስ ይጎዳል።

«ናኖ» ሲባል የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ይኖራል። ለሊቦ ከምከም ሰው ግን ሩቅ አይደለም። በግንቦት 2005 በዚህ ወረዳ ካላዛር የሚባለው በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ታወቀ፤ ከዚያ በፊት ካላዛር የቆላው የሁመራና የመተማ በሽታ ነው ይባል ነበር። እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ በድንበር የለሽ ሐኪሞች ማዕከል ከታከሙት ከመቶ አራቱ ሞተዋል። የካላዛር ጥገኛ የሚደበቀው በሽታን ሊከላከሉ በተፈጠሩት ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ነው። አምፎቴሪሲን የሚባለው መድኃኒት ይገድለዋል፤ ግን ኩላሊትም ይጎዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመቶ ናኖሜትር በታች በሆኑ የስብ ቅንጣቶች ውስጥ ከተቱት። እነዚያ ሕዋሳት ቅንጣቱን ባዕድ ነገር ነው ብለው ይውጡታል፤ መድኃኒቱም ጥገኛው በተደበቀበት ሆድ ውስጥ ይፈታል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለጠናባቸው ሕሙማን ሲሰጥ የቆየው ይኸው ነው። መርዙ ከጥንቱ አልተቀየረም፤ መንገዱ ግን ተቀይሯል።

አሁን ወደ ኮሰረቱ እንመለስ። የአዳማ ሰዎች ፌካሊስ ላይ ያስቀመጧት ወረቀት ዙሪያ የታየው ክብ እውነተኛ ውጤት ነው፤ በርካሽ ቅጠልና በዚንክ ጨው፣ ያለ ውድ ኬሚካል፣ እዚሁ አገር ተሠርቷል። በዚያው ዓመት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በኮሶ ቅጠል የተሠራ የመዳብ ናኖ ቅንጣትም ወጥቷል። ነገር ግን ከላይ የተረከው ታሪክ ሁሉ ስለ ሳህን አንድ ነገር ያስተምራል። ሳህን ላይ ያለ ፌካሊስ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተያዘ ፌካሊስ ነው። ባዮፊልሙን አልሠራም፣ ቀዳዳ ውስጥ አልገባም፣ የነርቭ ቁራጭ አልከለለውም፣ ዴንቲን አልደገፈውም። ሲንጋፖር ላይ ፈሳሽ ውስጥ የሞተው በባዮፊልም ውስጥ ሲተርፍ አይተናል። እንደ እኔ እንደ እኔ የአገራችን የናኖ ጥናት ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው፦ ዕፅዋቱን እየለወጠ ያችኑ ወረቀት ያስቀምጣል። ኮሰረት፣ ኮሶ፣ እንዶድ፣ ብሳና፤ ዛፉ ብዙ ነው፣ ወረቀቷ አንድ ናት። የሚቀጥለው ቅጠል የትኛው ይሁን ከማለት የሚቀጥለው ፈተና የትኛው ይሁን ማለት ይሻላል።

የሚቀጥለው ፈተና ደግሞ ውድ አይደለም። የኦስሎዎቹ መጀመሪያ የፈለጉት የከብት ጥርስ ነው፤ ለጣና ዳር ከተሞች ቄራ ምን ይጠፋል? ቀለበት መቁረጫ፣ ባክቴሪያ ማሳደጊያ፣ ሦስት ሳምንት ትዕግሥት። ከዚያ የሰው ጥርስ ይከተላል፤ በየክሊኒኩ በየቀኑ የሚነቀለው ጥርስ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ፣ ለዚህ ይውላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞች ያሠለጥናል፤ የባክቴሪያ ባለሙያዎችም አሉት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የማቴሪያል ሰዎች አሉት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በይፋግ በኩል የሚያልፈው አስፋልት ነው፤ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይሞላም። ኬሚስቱ ዱቄቱን ይዞ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ይሂድ፤ ሐኪሙም ያልዳኑ ሩት ካናሎችን ሲከፍት ናሙና ወስዶ እኛ አገር የቀረው ባክቴሪያ ፌካሊስ ይሁን ሌላ ይንገረው። ስዊድን ላይ ከመቶ 38 የተባለው ቁጥር ይፋግ ላይ ያንኑ መሆን የለበትም፤ አመጋገባችንም መፋቂያችንም ሐኪም ዘንድ የምንደርስበትም ጊዜ ይለያያል። ዱቄቱ በድድ ሕዋስ ላይ ምን እንደሚያደርግም አብሮ ይፈተን፤ ባክቴሪያን የሚቀድ ነገር የእኛንም ሕዋስ ሊቀድ ይችላልና።

ይህ እስኪሆን ድረስ ጥርሱን ለታመመ አንባቢ የምለው አለኝ። በረኪናም ሆነ ኮሰረት ወይም ሌላ ዱቄት ቤት ውስጥ በተበሳ ጥርስ ላይ አይደረግም፤ በረኪናው በሐኪም እጅ እንኳ ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ሥጋ ያቃጥላል። ቅርንፉድ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ባክቴሪያውን ከቀዳዳው አያወጣም፤ ጋብ ያለ ሕመም የዳነ ጥርስ አይደለም። ጉንጭ ሳያብጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ፣ «ይነቀል» ከተባለም «ሥሩ መታከም አይችልም ወይ? የትስ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለተመራማሪዎቹ ደግሞ፦ ሳህኑን አዳማ ጨርሶታል፤ ጥርሱን ጎንደርና ባሕር ዳር ይረከቡ።